የፋብሪካው ዋስ

ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። አንዳንድ የሰፈራችን እናቶች የክኒን ብልቃጥ ይዘው ይመጡና ስንት ጊዜ እንደሚዋጥ ይጠይቁኛል። እኔ የውሃ እንጂ የሰው ዶክተር አይደለሁም ብላቸው «ይሁን፣ አንተ ብቻ እየው» ይሉኛል። ማዕረጉን ያገኘሁት የጨርቅ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ እንዴት እንደሚጣራ አጥንቼ ነው። ከጥናቱ ውስጥ ግማሽ ዓመት ያህሉ ያለፈው እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት በምትባል ከተማ፣ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ስለዚያ ግማሽ ዓመት ግን በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩም። ረስቼው አይደለም፤ እስከ ዛሬ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡት ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ገና ዕብራይስጡን ሳይለምዱ ወደ ሥራ የገቡበት ወቅት። እኔ ከእነሱ ብዙ ዓመት ቀድሜ፣ በልጅነቴ፣ በሱዳን በኩል የመጣሁ ነኝ። አዳሪ ትምህርት ቤት ተማርኩ፣ ጦር ሠራዊት ገባሁ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ። በትምህርት ክፍላችን ከኢትዮጵያ የመጣ የዶክትሬት ተማሪ እኔ ብቻ ነበርኩ። ብቸኛ መሆን ጥቅም አለው፤ ፎቶግራፍ በተነሣን ቁጥር ከፊት ያቆሙኝ ነበር።

አማካሪዬን እወደው ነበር። ይህን ቀድሜ ልናገር፣ አለዚያ የሚቀጥለው ነገር አይገባም። አባቴ የሞተ ጊዜ ይህ ሰው ለቅሶ ቤት መጥቶ ከአጎቶቼ ጋር መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጧል። የቀረበለትን በልቷል፤ እናቴ ስታለቅስ አልቅሷል። እናቴ ከዚያ በኋላ ስሙን ሳትጠራ «ያ ደጉ ሰውዬ» ነበር የምትለው።

እሱ ነው አንድ ቀን ቢሮው ጠርቶ ስለ ሥራ ልምምዱ የነገረኝ። የዶክትሬት ተማሪዎች ለጥቂት ወራት ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው፣ ትምህርት በሌለበት ቦታ፣ በፋብሪካ ወይም በመሥሪያ ቤት እንዲሠሩ የሚያደርግ አዲስ ነገር ተጀምሮ ነበር። ጓደኞቼ አንዱ የዘር ማባዣ ጣቢያ፣ ሌላዋ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ተመድበዋል።

«ለአንተ ቂርያት ጋት አግኝቼልሃለሁ» አለኝ። «ማቅለሚያ ክፍል ያለው የጨርቅ ፋብሪካ ነው። ላቦራቶሪያቸው ኬሚስት ይፈልጋል። አንተ ደግሞ የቆሸሸ ውሃ ትፈልጋለህ፤ እዚያ እንደ ልብ ይፈስሳል። ሦስተኛውን ምዕራፍህን ይዘህ ትመለሳለህ።»

ሦስተኛው ምዕራፍ ነበር የጎደለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ እኔ ግን ሳሩንም በቅጡ አላየሁም፤ ያየሁት የሚያሳየኝን ሰው ፊት ብቻ ነበር።

ቂርያት ጋት ለእኔ ባዕድ አገር አልነበረችም። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ የምለው፣ እዚያ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ አሮጌ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖር ነበር። ጋሼ በጎንደር ሳለ ጠብ ሲነሣ ሰው ከሩቅ መንደር የሚልክበት ሽማግሌ ነበር። ድንበር የገፋ፣ ሚስቱን የበደለ፣ ከብት የነዳ ሁሉ እሱ ፊት ቀርቧል። እዚህ እርጥብ የጨርቅ ጥቅል በጋሪ ይገፋል፤ ያውም እኔ በተመደብኩበት በዚያው ፋብሪካ፣ ማቅለሚያው ክፍል ውስጥ። ከእሱ ጋር ከአውሮፕላን የወረዱ ብዙ ሰዎች አብረውት ይሠሩ ነበር። እኔም ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ላይ እየተኛሁ፣ ጠዋት ጠዋት ከእሱ ጋር ወደ ኢንዱስትሪው ቀጠና በሚሄደው አውቶቡስ እንሳፈራለን። በር ላይ ስንደርስ እሱ በቀኝ ወደ ማቅለሚያው፣ እኔ ነጭ ካፖርቴን ለብሼ በግራ ወደ ላቦራቶሪው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ነጭ ካፖርቴን ለብሼ ሠራሁ። ከማቅለሚያው የሚወጣውን ውሃ በጠርሙስ እየቀዳሁ መስኮቱ ሥር ደረደርኩ፤ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ እንደ ዝቃጭ የጠቆረም ነበረው። በሁለተኛው ሳምንት የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊዋ መጣች። ፈጣን፣ ሳቂታ፣ የሁሉንም ልጆች ስም የምታውቅ ሴት ነበረች።

«እሱን ለአንድ አፍታ አውሱኝ» አለች የላቦራቶሪውን አለቃ።

አዋሷት። በዚያው ተውሼ ቀረሁ።

መጀመሪያ የማሽኑን አደጋ አስረዳልኝ አለች፤ እውነት ነው፣ ማስረዳት ያስፈልግ ነበር። ቀጥሎ የሕመም ፈቃድ እንዴት እንደሚወሰድ፣ ለምን ጓንት እንደሚለበስ፣ ሻይ የሚጠጣበት ሰዓት መቼ እንደሆነ። ሰዎቹ እኔን ሲያዩ ፊታቸው ይፈታ ስለነበር እኔም አልከፋኝም። ላቦራቶሪው ግን ከነጠርሙሶቹ እዚያው ቆሞ ይጠብቀኛል። «መቼ ነው ወደ ውሃዬ የምመለሰው?» ስላት፣ «ይቺን ሳምንት ብቻ» ትለኛለች። ለአማካሪዬ ደውዬ ስነግረው፣ «ይህም ልምምድ ነው፣ ታገሥ» አለኝ።

ሙቀቱ ሲመጣ ነገሩ መጣ። ፋብሪካው ትልቅ ትእዛዝ ተቀብሎ ማሽኖቹ ቀን ከሌት እንዲሠሩ ተወሰነ። የእኛ ሰዎች በጊዜያዊነት ነበር የተቀጠሩት። በዚያው ሰሞን ደግሞ በአቅራቢያው ካሉት የእርሻ መንደሮች አንዱ የፍራፍሬ ማሸጊያ ከፍቶ ሰው ይፈልግ ነበር፤ ሥራው በጥላ ሥር ነው፣ የቀን ብቻ ነው። ብዙዎቹ ወደዚያ ልባቸው ሸፍቷል። ኃላፊዋ ሰብስባ በእኔ አፍ ነገረቻቸው። እስከ ዳስ በዓል ማግስት ድረስ በሦስቱም ፈረቃ የሠራ ሁሉ ክቪዑት ያገኛል፣ ቋሚ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ተነሥቶ ሊያባርረው አይችልም።

ሰዎቹ እሺ አላሉም፤ እምቢም አላሉም። «እንመካከር» ብለው ተነሡ።

በማግስቱ ጠዋት የበሩ ዘበኛ ስልክ ደወለ። ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሦስት ሽማግሌዎች ደጅ ቆመዋል፤ ቀብር አለ እንዴ? ሲል ጠየቀ።

«ኮሚቴ ናቸው?» አለችኝ ኃላፊዋ በመስኮት እያየች።

«ሽማግሌዎች ናቸው።»

«ከሠራተኛ ማኅበሩ?»

«ከማንም አይደሉም። ጉዳይ ሲኖር በሰውና በሰው መሀል የሚቀመጡ ናቸው። ቃልሽን ሊሰሙ ነው የመጡት።»

ትንሽ አሰበችና ሳቀች። «እንደ ወጋችሁ ይሁን። አስገባቸው።»

ምሳ ቤቱ ውስጥ ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ በአንድ ወገን፣ እሷ በሌላው፣ ሠራተኞቹ በግድግዳው ዙሪያ። ጋሼም የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ከሠራተኞቹ ጋር ነበር፤ በዚያ ቀን ባለጉዳይ እንጂ ሽማግሌ አልነበረም። እኔ መሀል ላይ ቆሜ አስተረጉማለሁ። «ንገራቸው፣ እኔ ካልኩ ካልኩ ነው» ስትል፣ እኔ «አባቶቼ፣ በእናንተ ፊት የሰጠሁት ቃል አይታጠፍም ትላለች» ብዬ አቀርባለሁ። እግሯን አነባብራ ሰዓቷን እያየች የተናገረችውን እኔ አንቱታ አልብሼ፣ አሳምሬ አወጣዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጨዋ ሴት መሰለቻቸው።

በመጨረሻ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«መልካም ነው። ዋስ ትጥራ» አሉ።

ነገርኳት። «ዋስ ምንድን ነው? የባንክ ነው?»

«የባንክ አይደለም። ሰው ነው። ቃልሽን ካጠፍሽ አንቺን ይዞ እነሱ ፊት የሚያቀርብ። ማቅረብ ካቃተው በአንቺ ቦታ እሱ የሚጠየቅ።»

ምሳ ቤቱን ዞር ብላ አየችና ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። «አንተ አለህ አይደል? የኛም ነህ፣ የነሱም ነህ።»

ለሽማግሌዎቹ ተረጎምኩ። አባባ ቀና ብለው አዩኝ። ከግድግዳው በኩል ጋሼ ተናገረ።

«ልጄ፣ የማያውቁትን ሰው ዋስ አይሆኑትም። ታውቃታለህ?»

«እሷን አላውቃትም፣ ጋሼ። የሚያውቃትን ሰው ግን አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ይፍቀዱልኝ።»

ላቦራቶሪው ገብቼ አማካሪዬ ዘንድ ደወልኩ። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳሁት፤ ዋስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ሽማግሌዎቹ ምሳ ቤት ተቀምጠው እንደሚጠብቁኝ፣ እሺ ካልኩ ስሜ በዋስትና እንደሚያዝ።

«ፋብሪካውን ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ያሉትን ያደርጋሉ።»

«እርግጠኛ ነህ? ይህ ቀልድ አይደለም።»

«ዓላይ» አለኝ። በዕብራይስጥ በእኔ ላይ፣ በእኔ ይሁን ማለት ነው።

ተመልሼ ቆምኩ። አባባ እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ።

«ዋስ ነህ?»

«ነኝ።»

«ዋስ ነህ?»

«ነኝ።»

«ዋስ ነህ?»

«ነኝ፣ አባባ።»

መረቁኝ። ኃላፊዋ አጨበጨበች። ከእሷ በቀር ያጨበጨበ አልነበረም።

ሠራተኞቹ ቀሩ። ወደ ፍራፍሬ ማሸጊያው ሊሄዱ የነበሩት ባልና ሚስት እንኳ ሐሳባቸውን ለወጡ። በዚያ ሙቀት ማቅለሚያው ውስጥ ያለው እንፋሎት ለአፍታ የገባን ሰው ያሰክራል። ጋሼ ከፈረቃ ሲመለስ ዓይኑ ደም መስሎ፣ እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ሆኖ ይመጣ ነበር። ቢደክመውም አያማርርም። ጎረቤቶቹ እንዴት ነው ሥራ ሲሉት «በእህቴ ልጅ ዋስትና ነው የምሠራው» ይላል። ይህን ሲል ደረቴ ይነፋል፤ ምን ልደብቅ። ያን ያህል ያከበረኝ ዲፕሎማ እስከ ዛሬ አልተሰጠኝም።

በዓሉ አለፈ። በማግስቱ ጠዋት ከጋሼ ጋር በአውቶቡስ ሄድን። ቋሚ የሚሆንበት ቀን ነው ብሎ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። በሩ አጠገብ፣ ሰዓቱ ሥር፣ የሠራተኞች ካርድ የሚሰካበት መደርደሪያ አለ። ጋሼ የዕብራይስጥ ፊደል አያነብም፤ የካርዱን ቦታ ግን እጁ ያውቀዋል። እጁን ሰደደ። ባዶ ነው። ከላይ ፈለገ፣ ከታች ፈለገ፤ ከኋላው የቆሙትም የየራሳቸውን ፈለጉ።

«አንሸራትተውት ይሆናል፣ እስቲ አንብብልኝ» አለኝ።

አነበብኩ። የሌሎቹ ሁሉ አለ። የእኛ ሰዎች ስም ከመደርደሪያው ላይ የለም። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። «ጠብቁኝ» ብዬ ወደ ኃላፊዋ ወጣሁ።

ቡና እየጠጣች ነበር። «ትእዛዙ አለቀ» አለች። «ምን ላድርግ? ማሽኖቹ ሊቆሙ ነው።»

«ቃል ሰጥተሽ ነበር። ዋስ ጠርተሽ ነበር።»

«በስብሰባ ላይ ብዙ ነገር ይባላል» አለችኝ፤ አልተቆጣችም። «አንተ ግን ግሩም ሠርተሃል። ለአማካሪህም ነግሬዋለሁ።»

«እኔ የመጣሁት አስተርጓሚ ልሆን አልነበረም። ላቦራቶሪ ውስጥ ልሠራ ነበር።»

ይህን ስላት የምር ተገረመች። «እኛ እኮ ኬሚስት አልጠየቅንም። ኬሚስት አለን። የጠየቅነው አማርኛ የሚችል፣ ሰዎቹ የሚያምኑት የተማረ ሰው ነው፤ በጋውን የሚያሻግረን። አማካሪህ ‹የምትፈልጉት ሰው እኔ ጋ አለ› አለን። አልነገረህም?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ፋብሪካው ያውቃል፣ የላቦራቶሪው አለቃ ያውቃል፣ ምናልባት ዘበኛውም ያውቃል። ያላወቅኩት እኔ ነኝ። እሷን እንኳ ያን ያህል አልጠላኋትም፤ ሥራዋ ነው። ሆዴን ያቃጠለው ያ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ያለቀሰው ሰው ነበር። ወርጄ ለሰዎቹ «ወደ ቤት ሂዱ» አልኳቸው። ከዚያ አውቶቡስ ይዤ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት ገና በሩ ላይ።

«ተቀመጥ።»

«ታውቅ ነበር?»

«አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ አውቅ ነበር። እዚያ ከሄድክ ውሃህንም ታገኛለህ ብዬ ነው። ብነግርህ አትሄድም ነበር።»

«ከበዓል በኋላ እንደሚያባርሯቸውስ?»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «በጋውን ማለፍ እንደሚፈልጉ አውቅ ነበር። የቀረውን አልጠየቅኩም። ፋብሪካ ነው፤ ምን ትጠብቃለህ?»

«ከፋብሪካ ምንም አልጠብቅም። ከአንተ ነው የጠበቅኩት። በስልክ ‹ዓላይ› ብለኸኛል። እኔ የነሱ ዋስ ነኝ፤ አንተ የእኔ ዋስ ነህ። በኛ ዘንድ ዋስ ሲጠራ ይቀርባል። ሐሙስ ሽማግሌዎቹ አጎቴ ቤት ይቀመጣሉ። መጥተህ ይህንኑ በራስህ አፍ ንገራቸው። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ከወንበሩ ተነሥቶ ጠረጴዛውን ዞረ። ከዚያ ትከሻዬን ያዘኝ። «እመጣለሁ። ይገባቸዋል።»

አመንኩት። እንደገና አመንኩት! ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚለውን ተረት እየተነገረኝ ነው ያደግሁት፤ ግን ተረቱ ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ጋሼ ሳሎን ተሰበሰብን። አባባና ሁለቱ ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ፤ ጋሼ በገዛ ቤቱ ከከሳሾቹ ጋር መሬት ላይ። ከሥራ የወጡት አንዳንዶቹ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ ማሸጊያው ቦታው ሞልቷል ተብለው የተመለሱት ባልና ሚስትም አሉ። ጋሼ ለእንግዳው ከመኝታ ቤት ጥሩውን ወንበር አውጥቶ መሀል ላይ አስቀመጠ። የሚስቱ፣ የአክስቴ፣ ነጠላ ተጣጥፎ መቀመጫው ላይ ተነጠፈለት። «ፈረንጅ መሬት አይችልም» አለ። እኔ ግን መሬት እንደሚችል አይቼ ነበር።

መስኮቱ ከላይ የአውቶቡስ ማቆሚያውን ያሳያል። አንድ አውቶቡስ መጣ፤ ወታደሮች ወረዱ። ሌላ መጣ፤ የገበያ ዘንቢል የያዘች ሴት። በየጊዜው «አሁን ይደርሳል» እላለሁ። ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናብ ያወራሉ፤ እኔን ላለማሳፈር። ጥላው ከፊት ለፊቱ ሕንጻ ላይ ወጥቶ ጣሪያው ሲደርስ አባባ ከዘራቸውን አነሡ።

«ሴትዮዋ አልቀረበችም» አሉ። «የዋሱ ዋስም አልቀረበም። እጃችን ላይ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ። አንተን ምን እናድርግህ?»

«የፈለጋችሁትን ፍረዱብኝ» አልኩ። ከልቤ ነበር። ቢቆጡኝ፣ ቢቀጡኝ፣ ካሳ ቢጥሉብኝ ደስታዬ። ትምህርቱን ትቼ ማቅለሚያ ውስጥ ጥቅል ግፋ ቢሉኝ ያን ቀን እገፋ ነበር።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጋሼ አንገቱን ደፋ።

«አንተም ተታልለሃል» አሉ አባባ። «ፈትተንሃል። ትምህርትህን ጨርስ።»

ሁሉም አሜን አለ። ጋሼ ተነሣና ወንበሩን ወደ መኝታ ቤት መለሰው። ነጠላውን አራግፎ አጣጥፎ ለአክስቴ ሰጣት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አላነሣብኝም።

አማካሪዬ በሳምንቱ «ስብሰባ ያዘኝ» አለኝ። ሌላ አማካሪ ለመያዝ እንደገና ከመጀመሪያው መነሣት ነበረብኝ፤ ስለዚህ ከእሱ ጋር ጨረስኩ። ሦስተኛውን ምዕራፍ በሌላ ውሃ ሠራሁ። ቂርያት ጋት መስኮት ሥር የደረደርኳቸውን ጠርሙሶች ከማን ልጠይቅ? በምርቃቱ ቀን አቅፎኝ ፎቶ ተነሣን፤ እንደ ወትሮው ከፊት። እናቴ ዛሬም ፎቶውን ግድግዳዋ ላይ ሰቅላ ለሰው ታሳያለች፤ «ያ ደጉ ሰውዬ» እያለች። እውነቱን አልነገርኳትም። ያቺን እምነቷን እንኳ ልተውላት ብዬ ነው።

ጋሼ በኋላ የትምህርት ቤት ጥበቃ ሆነ። ዓመታት አለፉና ልጁ አገባች። ከሠርጉ አዳራሽ በፊት ሁለቱ ቤተ ዘመድ ጋሼ ቤት፣ በዚያው ሳሎን ተቀመጡ። ስገባ ሁሉም ብድግ አለ፤ «ዶክተር፣ ወደዚህ፣ ከላይ» ብለው ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጡኝ። አባባ በጣም አርጅተው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ አሁንም መሀል ላይ ነበሩ። የሙሽራው ዋስ ተጠራ፤ ቆመ።

«የሙሽራይቱስ ዋስ ማን ነው?» አሉ።

ከእሷ ወገን በሥጋም በዕድሜም ቅርቡ እኔ ነበርኩ። ማንም ሳይነግረኝ ጉልበቴን ይዤ ተነሣሁ። ገና ሳልቀና ጋሼ የኮቴን ጫፍ ያዘ። ዓይኑን ከፊት ለፊት አላነሣም።

«ቁጭ በል፣ ልጄ» አለኝ በለሆሳስ።

ተቀመጥኩ። ከበሩ አጠገብ የነበረ፣ ዕቃ ማንሻ መኪና የሚነዳ የአክስቴ ወንድም ልጅ ተነሥቶ መሀል ላይ ቆመ። አባባ እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ «ዋስ ነህ?» ብለው ጠየቁት፤ ሦስቱንም ጊዜ «ነኝ» አለ። እኔም ከላይ፣ ከክብር ቦታዬ ላይ፣ አፌን ሳልከፍት ሦስት ጊዜ «ነኝ» አልኩ።